ሲያሳክክ ላለማከክ፦ ትኩረትንና እጅን የማሠልጠኛ መንገድ

«እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም» የሚለው ተረት ችግርን ያመጣ አምላክ መውጫውንም አይነፍግም ለማለት የሚነገር ነው። ቆዳቸው ለወራት ወይም ለዓመታት የሚያሳክካቸው ሰዎች ግን ጥፍራቸው ራሱ የችግሩ ግማሽ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በክርኖቼና በጉልበቶቼ እጥፋት ላይ ችፌ ስላለብኝ፣ «ተው፣ አትከክ!» የሚለውን ቃል በቤትም በትምህርት ቤትም ስሰማ አድጌአለሁ። ቃሉ በፍቅር የተነገረ ቢሆንም አንድም ቀን እጄን አላቆመውም። ያቆመው ብዙ ዘግይቼ የተማርኩት ነገር ነው፤ እርሱም እጄ ወደ ቆዳዬ ሲንቀሳቀስ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ማየት፣ ከዚያም ለእጄ ሌላ ሥራ፣ ለልቦናዬም ሌላ ማረፊያ መስጠት ነው። ይህን እንዴት መለማመድ እንደሚቻል ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

መጀመሪያ ምክንያቱን ማወቅ

ትኩረትን ማሠልጠን ሕክምናን አይተካም። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ የሚወጣ፣ ሌሊት የሚብስና ከአንድ ቤት ከአንድ በላይ ሰው የሚይዝ ማሳከክ በአብዛኛው እከክ ነው። በ2008 ዓ.ም. የድርቅ ወቅት በአማራ ክልል በስፋት የተከሰተው ይኸው በሽታ በዓይን በማትታይ ተባይ የሚመጣ ስለሆነ፣ በቤቱ ያሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልታከሙ በቀር የቱንም ያህል ትዕግሥት ቢኖር አይለቅም። ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነትን የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ከቆዳ ውጭ፣ በኩላሊት፣ በጉበት፣ በእንቅርት ዕጢ ወይም በደም ውስጥ ሊሆን ይችላል። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት መዳፍንና የውስጥ እግርን፣ በተለይም ሌሊት ሌሊት የሚያሳክካት ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት፤ የጉበት ችግር ምልክት ሊሆን ስለሚችልና ለፅንሱም ስለሚያሰጋ ነው። ከማሳከኩ ጋር ትኩሳት፣ ሌሊት ማላብ ወይም ያልታሰበ መክሳት ካለም እንዲሁ ነው። ሐኪሞች ከ6 ሳምንት በላይ የቆየውን ማሳከክ ሥር የሰደደ ይሉታል፤ እዚያ የደረሰ ሰው አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።

ይህ ልምምድ ይበልጥ የሚጠቅመው ምክንያቱ ታውቆ በሕክምና ላይ ላሉ ሰዎች ነው። ችፌ፣ ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ ሥር የሰደደ በሽታ)፣ የቆዳ ድርቀትና ከእከክ ሕክምና በኋላ ተባዩ ሞቶም እንኳ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ የሚችለው ማሳከክ ዋነኞቹ ናቸው። በዚህ የመጨረሻው ጊዜ ብዙ ሰዎች መድኃኒቱ ያልሠራ መስሏቸው ደጋግመው ይቀባሉ፤ ቆዳቸውም ከመድኃኒቱ ብዛት የተነሳ ይበልጥ ይቆጣል።

በማሳከክና በማከክ መካከል ያለው ቦታ

ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃፈንሬፈር እ.ኤ.አ. በ1660 ማሳከክን የማከክ ፍላጎት የሚቀሰቅስ ደስ የማይል ስሜት ብሎ ተርጉሞታል፤ ይህ ትርጉም እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ትርጉሙ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አንዱ ስሜቱ ነው፣ ሌላው ፍላጎቱ ነው። ስሜቱን በትእዛዝ ማጥፋት አይቻልም። ፍላጎቱ ግን ወደ ድርጊት ከመለወጡ በፊት ጥቂት ጊዜ አለው፤ የምንለማመደውም በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው።

ማከክ ለምን እንደሚያስደስት ማወቅም ይረዳል። ጥፍር ቆዳን ሲቧጥጥ የሚፈጠረው ቀላል ሕመም በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የማሳከኩን መልእክት ለጊዜው ያፍነዋል። ነገር ግን እፎይታው አጭር ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ አንጎል ያንን ሕመም ለማስታገስ የሚያመነጨው ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ተመልሶ የማሳከኩን ስሜት ያጠነክረዋል። በዚያ ላይ የተቧጠጠው ቆዳ መከላከያው ይጎዳል፣ ይቆጣል፣ ለረጅም ጊዜ ሲታከክም እየወፈረና እየሻከረ ይሄዳል፤ የወፈረው ቆዳም ከቀድሞው ይበልጥ ያሳክካል። ያሳክካል ተብሎ ይታከካል፣ ስለታከከም ያሳክካል።

ትኩረት በዚህ አዙሪት ውስጥ ያለው ድርሻ ትልቅ ነው። በጀርመን የጊሰን ከተማ ተመራማሪዎች ስለ ማሳከክ ለሕዝብ ንግግር አዘጋጅተው፣ በንግግሩ አንደኛ ክፍል የቁንጫ፣ የቅማልና የተቧጠጠ ቆዳ ሥዕሎችን፣ በሌላው ክፍል ደግሞ ለስላሳ የሕፃናት ቆዳና መሰል ሥዕሎችን አሳዩ፤ አድማጮቹንም በካሜራ ቀረጿቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ሰዎቹ የተባይ ሥዕሎች ሲታዩ አብዝተው ያክኩ ነበር። ምንም የነካቸው ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው ልቦናቸው ያረፈበት ነገር ብቻ ነው። አንባቢም ይህን አንቀጽ ሲያነብ አንገቱን ወይም ክንዱን አክኮ ከሆነ አይደነቅ፤ ያንን ማስተዋሉ ራሱ የልምምዱ መጀመሪያ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ መቁጠር ብቻ

ብዙዎች የሚሰናከሉት ከመጀመሪያው ቀን አንስተው «ከእንግዲህ አላክም» ብለው ስለሚነሱ ነው። እንዲህ ያለው ውሳኔ ቢበዛ እስከ ማታ ይቆያል። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ነገር ለማቆም አይሞክሩ፤ የሚሠሩት ሥራ ያከኩበትን ጊዜ መቁጠር ብቻ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው በጣት ላይ የሚታሰር፣ ቁልፉ ሲጫን ቁጥር የሚጨምር ትንሽ ዲጂታል መቁጠሪያ ነው። ለዚክር የሚያገለግለው ዓይነት በገበያ በቀላሉ ይገኛል፤ ሆኖም ለጸሎት የሚጠቀሙበትን ለጸሎቱ ትተው ለዚህ ሥራ ሌላ ቢይዙ መልካም ነው። መቁጠሪያ ከሌለ በቀኝ ኪስ ሽምብራ ይዞ፣ ባከኩ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪስ ማዛወር ይበቃል። ጥፍር ቆዳን በነካ ቁጥር፣ ማሸትም ሆነ መቧጨር፣ በልብስ ላይም ሆነ በባዶ ቆዳ ላይ፣ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ማታ ሲተኙ የቀኑን ድምር በደብተር ይጻፉ፤ ከድምሩ ጎንም የት ቦታና ምን ሲሠሩ አብዝተው እንዳከኩ በአንድ መስመር ያስፍሩ።

ቁጥሩ ከገመቱት በላይ ሲሆን ሊያሳዝንዎ ይችላል። እኔ በመጀመሪያው ቀን 30 ጊዜ ያህል ይሆናል ብዬ ጀምሬ ከምሳ በፊት ከዚያ አልፌ ነበር። ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ከመዘገብኳቸው ብዙዎቹ ጨርሶ ሳያሳክከኝ ያከኩባቸው መሆናቸው ነው። ስልክ ሳናግር፣ ከሥራ ገብቼ ልብሴን ስለውጥ፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ስቆም፣ ቴሌቪዥን ፊት ስቀመጥ እጄ በራሱ ይሄድ ነበር። ማከክ በማሳከክ ይጀምራል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ልማድ ይሆንና በድካም፣ በመሰልቸት፣ በንዴት ወይም በቦታው ብቻ ይቀሰቀሳል። ሳምንቱ ሲያልቅ በደብተርዎ ላይ የሚያገኟቸው ሦስት ወይም አራት ተደጋጋሚ ሁኔታዎች የቀሪው ልምምድ ካርታ ናቸው። መቁጠሩ ብቻውን ቁጥሩን ሲቀንሰው የሚያዩም አይጠፉም፤ እጅ ሳይታይ ይሠራ የነበረውን አሁን እየታየ ስለሚሠራ ነው።

ለእጅ ሌላ ሥራ መስጠት

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናታን አዝሪንና ግሪጎሪ ነን እ.ኤ.አ. በ1973 ጥፍር ለመብላትና ለመሰል ልማዶች ያቀረቡት ዘዴ፣ ልማዱን ከመከልከል ይልቅ ከእርሱ ጋር አብሮ ሊሆን የማይችል ሌላ ድርጊት በቦታው መተካት ነው። ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ይህን ወደ ችፌ አምጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ቅባትን ከዚህ ልምምድ ጋር ያጣመሩት ሕሙማን ቅባት ብቻ ከተጠቀሙት የተሻለ ለውጥ እንዳገኙ አሳይተዋል። በኋላም በለንደን የቼልሲና ዌስትሚኒስተር ሆስፒታል ሐኪሞች መቁጠሪያውን፣ የእጅ ልምምዱንና የቅባት ሕክምናውን አንድ ላይ አድርገው ሠርተውበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እጅዎ ወደ ቆዳዎ ሲሄድ፣ ወይም የማከክ ፍላጎት ሲመጣ፣ ሁለቱንም እጆች ጨብጠው ከሰውነትዎ ራቅ አድርገው ለ30 ሰከንድ ያቆዩ፤ በልብዎ ቀስ ብለው እስከ 30 ይቁጠሩ። ጭብጡ ጠበቅ ያለ ይሁን እንጂ የሚያሳምም አይሁን። 30 ሰከንዱ አልቆ አሁንም የሚያሳክክ ከሆነ፣ የሚያሳክከውን ቦታ በጣት ጫፍ ወይም በጥፍር ጀርባ ሳይቧጥጡ ተጭነው ይያዙ፤ ቀስ ብሎ መቆንጠጥም ይቻላል። ግፊቱ ቆዳን ሳይቀድ ከማከክ የሚገኘውን እፎይታ በከፊል ይሰጣል። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማስነካትም እንዲሁ ያግዛል።

ይህን ልምምድ ማሳከኩ እስኪመጣ ጠብቆ መጀመር አይገባም። ጠዋትና ማታ፣ ምንም ሳያሳክክዎ፣ በደብተርዎ የጻፏቸውን ሁኔታዎች እያሰቡ አምስት አምስት ጊዜ ይለማመዱት፤ ለምሳሌ ከሥራ የገቡ ያህል አስበው እጅዎን ወደ ክንድዎ ያስጠጉ፣ ሳይነካ ያቁሙት፣ ይጨብጡ፣ ይቁጠሩ። እጅ አዲሱን መንገድ በሰላሙ ጊዜ ካልተማረ በጭንቁ ጊዜ አያስታውሰውም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ቢይዝ እመርጣለሁ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ቶሎ ፍሬ የሚያሳየው እርሱ ነውና።

ልቦናን ማዛወር

እጅ ሥራ ካገኘ በኋላ ትኩረት ይከተላል። በኢየሩሳሌም የሃዳሳ ሆስፒታል ሐኪሞች ችፌና ሶሪያሲስ ላለባቸው ሕሙማን የምናባዊ እውነታ መነጽር (ዓይንን ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም የሚያሳይ) እና ተራ የቪዲዮ ጨዋታ ሰጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለቱም መንገድ ሕሙማኑ በጨዋታው ሳሉ ማሳከኩ ቀንሶላቸዋል። ትኩረት ውስን ነው፤ ልብን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ሥራ ሲገባበት ለማሳከኩ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ውድ መነጽር መግዛት አይደለም። ሥራው ልብንም እጅንም አንድ ላይ የሚይዝ መሆኑ ብቻ ነው የሚፈለገው። ቴሌቪዥን ማየት ዓይንን ቢይዝም እጅን ሥራ ፈት አድርጎ ስለሚተው ብዙ ጊዜ ጠላት ነው፤ ስልክን በአውራ ጣት እያንሸራተቱ መመልከትም ከዚያ እምብዛም አይሻልም። ዳንቴል መሥራት፣ ጥጥ መፍተል፣ ቡና ወይም ምስር መልቀም፣ ገበጣ መጫወት፣ ለልጅ ሥዕል መሣል፣ የተሰበረ ዕቃ መጠገን ግን ሁለቱንም ይይዛሉ። እናቶቻችን እንዝርት ይዘው ሲያወሩ ማምሸታቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ ብዙ ጥበብ አለበት። ሥራ በማይያዝበት ቦታ፣ ለምሳሌ በታክሲ ውስጥ ወይም በስብሰባ ላይ፣ ከ100 ወደ ታች በ7 እየቀነሱ መቁጠር ወይም በልብ የሚያውቁትን መዝሙረ ዳዊት ወይም ሱራ በዝግታ መድገም ይረዳል። ሥራው ከመጠን በላይ ቀላል ከሆነ ልብ ያመልጣል፤ ከመጠን በላይ ከባድ ከሆነም ያበሳጫል፣ ብስጭትም ያሳክካል።

ሳያክኩ መመልከት

ይህኛው ክፍል ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት ልምምድ በኋላ ቢጀመር ይሻላል። ከላይ ያልነው ልብን ከማሳከኩ ማራቅ ነበር፤ እዚህ ግን ልብን ሆን ብሎ ወደ ማሳከኩ ማቅረብ ነው። የሚቃረን ቢመስልም አይቃረንም፤ በጭንቀት መመልከትና በእርጋታ መመልከት የተለያዩ ናቸውና። የተጨነቀ ትኩረት «መቼ ይቆማል? ልከከው?» እያለ ይጠይቃል፣ የረጋው ግን ያለውን ብቻ ያያል።

ለመጀመር ቀላል ማሳከክ ይምረጡ፤ የትንኝ ንድፊያ ይበቃል። ተቀምጠው እጆችዎን በጭንዎ ላይ ያሳርፉ፤ ትንፋሽዎን አሥር ጊዜ ይከታተሉ። ከዚያ ወደሚያሳክከው ቦታ በልብዎ ይሂዱና እንደ መርማሪ ይጠይቁት፦ ስፋቱ የሽሮ ማንኪያ ያህል ነው ወይስ የአዝራር? ይሞቃል ወይስ ይወጋል? ዳርቻው የት ላይ ያልቃል? ባለበት ይቆያል ወይስ ይንቀሳቀሳል? መልሱን በቃል ሳይፈርዱበት ይናገሩት፤ «ሊገድለኝ ነው» ከማለት ይልቅ «አሁን ይሞቃል፣ አሁን ቀነሰ» ይበሉ። በመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይሞክሩ፣ ቀስ በቀስም ወደ አሥር ያሳድጉ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያየው ማሳከክ እንደ ማዕበል ከፍ ብሎ ሳይታከክ መልሶ ዝቅ እንደሚል ነው። ይህን አንድ ጊዜ በገዛ ቆዳ ላይ ማየት መቶ ጊዜ ከመስማት ይበልጣል፤ ካላከኩ ስሜቱ ማለቂያ የለውም የሚለው ፍርሃት የሚላላው በዚህ ነውና። አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በብርሃን ሕክምና ላይ ከነበሩ 37 የሶሪያሲስ ሕሙማን መካከል እንዲህ ያለውን የረጋ ትኩረት በቴፕ እየሰሙ የተለማመዱት ቆዳቸው ቶሎ ጠርቷል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ሰፊ ተስፋ አልሰቅልበትም፤ ልምምዱ ግን ወጪም ጉዳትም የለውም።

መድማት ወይም መግል የጀመረ ቦታ ካለ በእርሱ ላይ አይለማመዱ፤ እርሱ የሚፈልገው ሐኪም ነው።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ በመስታወት ይሠራል። የጀርመን ሉቤክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ አንድ ክንድ ሲያሳክክ ሌላውን ጤነኛ ክንድ በመስታወት እያዩ ማከክ፣ አንጎል የሚያሳክከው ክንድ የታከከ ያህል እንዲቆጥረው ስለሚያደርግ ስሜቱን በመጠኑ ይቀንሰዋል። መስታወቱ በሁለቱ ክንዶች መካከል ቆሞ የጤነኛውን ምስል በሚያሳክከው ቦታ ላይ እንዲያሳይ ሆኖ ይቀመጣል። የተቆጣው ቆዳ እንዲያርፍ የሚያስችል ስለሆነ መሞከሩ አይከፋም።

ሌሊት፣ ልጆችና ቤተሰብ

በእንቅልፍ ውስጥ ያለ ሰው ትኩረት ስለሌለው ሊሠለጥን አይችልም፤ ለሌሊቱ የሚያስፈልገው ዝግጅት ነው። ጥፍርን አጭር አድርጎ መቁረጥና ጫፉን መሞረድ፣ ከመተኛት በፊት ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ወይም ሐኪም ያዘዘውን ቅባት መቀባት፣ የሱፍ ልብስ ከቆዳ እንዳይነካ ማድረግ፣ የጥጥ ጓንት ማጥለቅ፣ ክፍሉንም ቀዝቀዝ ማድረግ ብዙ ያግዛል። በበጋው ደረቅ አየር ወይም በዓረብ አገሮች ቀኑን ሙሉ በአየር ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚውሉ ሰዎች ቅባቱን በቀን ደጋግመው ሊፈልጉት ይችላሉ፤ በበረኪናና በጽዳት ኬሚካል የሚሠሩም ጓንት ሳያደርጉ የእጃቸውን ማሳከክ በትኩረት ብቻ እናሸንፋለን ብለው መድከም አይገባቸውም።

ለልጆች ወላጆች አጥብቄ የምለምነው «አትከክ» የሚለውን ቃል እንዲተዉት ነው። ቃሉ የልጁን ልብ ወደ ማሳከኩ ይመልሰዋል፤ ማከክ የወላጅን ዓይን የሚስብበት መንገድ መሆኑንም ያስተምረዋል። በምትኩ ልጁ ሲያክ ዝም ብለው ቀርበው በእጁ የሚሠራው ነገር ይስጡት፤ ከፍ ያለውን ልጅ ደግሞ «ና፣ አብረን እንጨብጥና እንቁጠር» ይበሉት፤ ጨብጦ ሲያዩትም ያመስግኑት። እጁን ማሰርም ሆነ መምታት ፍርሃትን እንጂ ልምድን አይሰጥም። አዋቂ ሰው ቢሆንም ያው ነው፤ የትዳር ጓደኛው ወይም እህቱ በየደቂቃው ከምትቆጣው፣ ማታ የመቁጠሪያውን ድምር አብራው ብታይ ይበልጥ ትረዳዋለች።

ከዚህ ምን መጠበቅ ይቻላል?

በኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትኩረትን በኮምፒውተር ብቻ፣ ከማሳከክ ጋር ከተያያዙ ቃላትና ሥዕሎች ዓይንን ደጋግሞ በማራቅ ማሠልጠን ይቻል እንደሆነ በጤነኛ ሰዎች ላይ ሞክረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤታቸው ሥልጠናው ትኩረቱንም የማሳከኩንም መጠን እንደቀየረ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ይህን የምጠቅሰው ማንም ሰው በስልክ መተግበሪያ ቁልፍ በመጫን ብቻ እድናለሁ ብሎ ገንዘቡን እንዳያባክን ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ትኩረት የሚለወጠው በሚኖሩበት ቦታ፣ ከእጅና ከቅባት ጋር አብሮ ሲሠራ ነው።

የእጅ ልምምዱን በየቀኑ የያዘ ሰው በደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲወርድ ሊያይ ይችላል፤ የወፈረው ቆዳ መለስለስ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ መቅላቱ ጠፋ ተብሎ ሐኪሙ ያዘዘውን ቅባት ማቋረጥም፣ ያለ ትእዛዝ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለወራት መቀባትም ስሕተት ነው።

ከወራት በኋላም በፈተና፣ በሐዘን ወይም በሥራ ብዛት ሳቢያ እጅ ወደ ቀድሞው መንገድ የሚመለስበት ቀን ይመጣል። በዚያን ጊዜ ከመጀመሪያ መጀመር አያስፈልግም፤ መቁጠሪያውን ከመሳቢያ አውጥተው ለሦስት ቀን እንደገና በጣትዎ ይሰሩት።